«አውዱ ይታይልኝ» እስከ የት ያስኬዳል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ናቸው። ታዋቂ ሰው የማይሆን ነገር ይናገራል፣ ሕዝቡ ይቆጣል፣ ከዛ ሰውየው ይባረራል ወይ ይቀጣል ወይ ደሞ ምንም ሳይሆን ይቀራል፣ እና ይሄ ልክ ነው ወይ ትላላችሁ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል፣ ስም አላወጣንም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የማንቼ ደጋፊ ነኝ፣ እስካሁን ያልወጣልኝ ነገር ቢኖር የአጥቂያችን የካቫኒ ቅጣት ነው። ሰውየው እኮ ጓደኛው እንኳን ደስ አለህ ሲለው ኢንስታግራም ላይ በስፓኒሽ አመሰገነው እንጂ ማንንም አልሰደበም። የሊቨርፑሉ ሱዋሬዝ ግን የኛን ኤቭራን ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ነው ያለው። ሁለቱም ኡራጓያዊ፣ ቃሉም ያው ነው ማለት ይቻላል (ያኛው «ኔግሮ»፣ ካቫኒ «ኔግሪቶ»፣ በስፓኒሽ ጥቁር ማለት ነው)፣ ሁለቱም ተቀጡ። ታዲያ አውድ የሚባለው ነገር የቱ ጋ ነው የታየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባናል፣ ግን አውዱማ ታይቷል፣ እንዲያውም ሱዋሬዝን ያስቀጣው እሱ ነው። ነገሩ የተፈጠረው ኦክቶበር 2011 አንፊልድ ላይ ነው፣ ሁለቱ የኮርና ምት ሲጠበቅ ጎሉ አካባቢ እየተነታረኩ ነበር። ሱዋሬዝ ቃሉን አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፣ እኛ አገር ሰው እንደዛ ነው የሚጠራራው፣ ስድብ አይደለም አለ፣ ኤቭራ ደሞ ኧረ ደጋግሞ ነው ያለኝ አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ያቋቋመው ኮሚሽን ታዲያ ዝም ብሎ ቃሉ ለእንግሊዝ ጆሮ ይከብዳልና ተቀጣ አላለም፣ የላቲን አሜሪካን ስፓኒሽ የሚያውቁ ሁለት ባለሙያዎች ጠርቶ አስረዱኝ አላቸው። እነሱም አዎ፣ ኡራጓይ ውስጥ በወዳጅ መሃል በፍቅር ይባላል፣ ግን ኤቭራ በሚለው መንገድ፣ በጠብ መሃል የተባለ ከሆነ እዛው ኡራጓይም ያስቀይማል አሉ። ኮሚሽኑ ኤቭራን አመነ፣ ሰባት ጊዜ ብሎታል ብሎ 8 ጨዋታና 40 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ውሳኔው 115 ገጽ ነው፣ ትዕግስት ያለው ያንብበው፣ ብዙ ሰው ሳያነብ ነው ከዛ ወዲህ ሲከራከርበት የኖረው። እና ሱዋሬዝ ያድነኛል ብሎ ይዞት የመጣው አውድ ዞሮ እሱኑ መታው ማለት ነው። ደሞ አንድ ነገር ልብ በል፣ ኮሚሽኑ ሰውየው ዘረኛ ነው አላለም፣ ኤቭራ ራሱም ዘረኛ ነው ብዬ አላስብም ብሏል፣ የተፈረደው በሰውየው ልብ ላይ ሳይሆን በዛች ሰዓት በተናገረው ነገር ላይ ነው።

ካቫኒ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ኖቬምበር 2020፣ ሳውዝሃምፕተን ላይ 2 ለ 0 እየተመራችሁ ከእረፍት መልስ ገብቶ ሁለት አግብቶ 3 ለ 2 ያሸነፋችሁ ቀን (አንተ እንደማትረሳው እርግጠኛ ነኝ) ጓደኛው ጻፈለት፣ እሱም በአጭሩ ቁልምጫ ጨምሮ አመሰገነው። ሲነገረው ወዲያው አጠፋው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ቀጪዎቹም ሰውየው የማስቀየም ሐሳብ እንዳልነበረው ተቀብለዋል። ግን የማህበሩ ደንብ አንተ ምን አስበህ ነበር ብሎ ብቻ አይጠይቅም፣ የተጻፈው ነገር ሌላ ሰው ሲያየው ምን ይመስላል ይላል፣ እና 3 ጨዋታ፣ 100 ሺህ ፓውንድና ትምህርት እንዲወስድ ተወሰነበት። የኡራጓይ ብሔራዊ የቋንቋ አካዳሚ ሳይቀር ይሄ የእኛን ባህል አለማወቅ ነው ብሎ ተቃውሟል።

እኔን ከጠየቅከኝ የካቫኒ ቅጣት በዝቷል። ፖስቱን አጥፋ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ ቢባል ይበቃ ነበር፣ ምክንያቱም የሚጎዳው ሰው አልነበረም፣ ጠብ አልነበረም፣ የተባለው ወዳጅም ቅር አላለውም። ግን በሌላ በኩል ደሞ ሚሊዮኖች የሚከታተሉት ገጽ ላይ የሚጻፍ ነገር የሁለት ጓደኛሞች ወሬ ሆኖ አይቀርም፣ ይሄንንም ልትክደው አትችልም። የማንቸስተር ሲቲው በርናርዶ ሲልቫም 2019 ላይ በቡድን ጓደኛው በሜንዲ መልክ ቀልዶ ትዊት ሲያደርግ ሜንዲ ራሱ ምንም አልመሰለኝም ብሎ ቢቆምለትም 1 ጨዋታና 50 ሺህ ፓውንድ አልቀረለትም። የተባለው ሰው ቢስቅም የሚያየው ሌላ ሰው አለ ነው ነገሩ።

ጥያቄ፦ የቼልሲውን ጆን ቴሪን፣ አንቶን ፈርዲናንድን ሜዳ ላይ በዘሩ ሰደበ ተብሎ ተከስሶ ፍርድ ቤት ነጻ ካለው በኋላ ማህበሩ በምን ሥልጣኑ ነው የቀጣው? ከፍርድ ቤት በላይ ነው እንዴ?

መልስ፦ በላይ አይደለም፣ ጎን ነው። ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ለማለት ምንም ጥርጣሬ እንዳይቀር ይፈልጋል፣ ቴሪ ደሞ ቃሉን ብዬዋለሁ ግን አንተን እንዲህ አላልኩህም እያልኩ እየደገምኩት ነበር ስላለና ያንን ሙሉ ለሙሉ ማፍረስ ስላልተቻለ ጁላይ 2012 ነጻ ወጣ። ማህበሩ ግን የቱ ነው ይበልጥ የሚመስለው ብሎ ነው የሚመዝነው፣ በዚህ ሚዛን ደሞ የቴሪን ማብራሪያ አልተቀበለውም፣ ሴፕቴምበር ላይ 4 ጨዋታና 220 ሺህ ፓውንድ። ወህኒ የሚያስገባና ከሜዳ የሚያስቀር ነገር በአንድ ሚዛን ይመዘን ማለት ራሱ ልክ አይመጣም።

ጥያቄ፦ አንድ አርቲስት ወይም ጋዜጠኛ በተናገረው ነገር ከሥራ ሲባረር ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብቱ ተጣሰ አይባልም ወይ? እኔ መብት ማለት ምንም ብትል ምንም አትሆንም ማለት ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ነው የሚደናገረው። መብቱ በዋናነት የሚያስረው መንግሥትን ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ለምሳሌ መንግሥት አፍ እንዳይዘጋ ይከለክላል እንጂ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኮንትራት እንዳያፈርስ አይከለክልም። አሜሪካዊቷን ኮሜዲያን ሮዝአን ባርን ውሰዱ። ፕሮግራሟ ከስንት ዓመት በኋላ ማርች 2018 ተመልሶ ተመልካቹ ጎርፍ ነበር፣ ሜይ 29 ላይ የኦባማ አማካሪ የነበሩትን ቫለሪ ጃሬትን ከዝንጀሮ ጋር የሚያገናኝ ትዊት ጻፈች፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ በሰዓታት ውስጥ ፕሮግራሙን ሰረዘው። እሷ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስጄ ነበር ስትል የመድኃኒቱ አምራች ሳኖፊ ወጥቶ ዘረኝነት በመድኃኒቶቻችን የጎንዮሽ ጉዳት ውስጥ የለም አለ (ይቺን ባነበብኩ ቁጥር ያስቀኛል)። ማንም እስር ቤት አላስገባትም፣ ማንም አልከሰሳትም፣ ቀጣሪዋ ካንቺ ጋር አልሠራም አለ፣ አለቀ። የሚያሳዝነው ከኋላዋ የነበሩት ሠራተኞች ናቸው፣ ካሜራ የሚይዘው፣ ልብስ የሚያዘጋጀው ሁሉ በአንድ ትዊት ሥራ አጥቶ ይቀር ነበር፣ በኋላ በኦክቶበር ያለሷ በሌላ ስም ባይቀጥል ኖሮ።

አሁን ደሞ ያው ኤቢሲን ሴፕቴምበር 2025 ላይ እዩት። የማታ ፕሮግራም አቅራቢው ጂሚ ኪመል ከፖለቲካ አክቲቪስቱ ከቻርሊ ከርክ ግድያ ጋር በተያያዘ በተናገረው ነገር ሰው ተቆጣ፣ እስከዚህ ያው ነው። ግን የብሮድካስት ፈቃድ የሚቆጣጠረው የኤፍሲሲ ሊቀመንበር ብሬንዳን ካር ወጥቶ ጣቢያዎቹ እርምጃ ካልወሰዱ እኛ ሥራ እንጀምራለን ዓይነት ነገር ተናገረ፣ የዛኑ ቀን ፕሮግራሙ ታገደ፣ ከዛ ተቃውሞው ሲበረታ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ተመለሰ። ጣቢያው አንድ፣ ከውጭ ሲታይ እርምጃውም አንድ ይመስላል፣ ግን በሁለተኛው ላይ ፈቃድህ በእጄ ነው የሚል ባለሥልጣን አለበት። ኪመል ያለው ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ ለዚህ ጥያቄ ለውጥ አያመጣም። ሰው በንግግሩ ሲባረር ሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን አለ ሳይሆን ማን ነው ያባረረው፣ ማንስ ነው ከኋላ የገፋው ነው።

ጥያቄ፦ ሰው በግሉ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የተናገረው በድብቅ ተቀርጾ ቢወጣ በዛ መቀጣት አለበት? ይሄ ነገር ሁላችንንም አይነካም ወይ?

መልስ፦ ይነካናል፣ ለዛ ነው የሚከብደው። ዶናልድ ስተርሊንግ የኤንቢኤው ክሊፐርስ ባለቤት ነበር፣ 2014 ላይ ከሴት ወዳጁ ጋር ሲያወራ ጥቁሮችን ወደ ጨዋታዬ ይዘሽ አትምጪ ዓይነት ነገር ሲላት የተቀረጸው ወጣ። ቀረጻው በምንም መንገድ ይውጣ፣ ከዛ በኋላ ግን ያልተሰማ ማድረግ አይቻልም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተጫዋቾቹ በሁለተኛው ቀን ጨዋታ ነበረባቸው፣ ጎልደን ስቴት ላይ፣ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሜዳው መሃል ላይ ጃኬታቸውን አውልቀው ጣሉት፣ ከስር የለበሱትን ማሟሟቂያ ማሊያ የቡድኑ ስም እንዳይታይ ገልብጠው ለብሰውታል። እነዚህ ሰዎች እኮ የዚህ ሰው ተቀጣሪዎች ናቸው፣ ደሞዛቸውን የሚከፍላቸው እሱ ነው፣ አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው። ወሬው የግል የነበረው እነሱ እስኪሰሙት ነው።

ኮሚሽነሩ አዳም ሲልቨር ዕድሜ ልክ አገደው፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፣ ቡድኑም ለስቲቭ ባልመር በ2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስተርሊንግ ቡድኑን 1981 ላይ ሲገዛው 12.5 ሚሊዮን ነበር ያወጣው፣ ስለዚህ ቅጣት ነው ወይስ ሎተሪ የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። በእኔ እምነት በድብቅ የቀረጸ ሰው ራሱን ችሎ ይጠየቅ፣ ግን በሌሎች እንጀራ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ስለነሱ ምን እንደሚያስብ ከታወቀ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ ማለት ብዙ አያስኬደውም። ምንም ሥልጣን የሌለው ተራ ሰው ቢሆን ግን በተቃራኒው እከራከር ነበር፣ የማንም ሳሎን ወሬ አደባባይ ይውጣ አልልም።

ጥያቄ፦ እኔ የምወደው አንድ ዘፋኝ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው በጣም የሚያስቀይም ፖስት አገኘሁ፣ ስክሪንሻት አድርጌዋለሁ። ላውጣው ወይስ ልተወው? እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ተኚ መጀመሪያ። ከዛ ሁለት ታሪክ ልንገርሽ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን ከዓመታት በፊት ስለ ሕጻናትና ስለ ወሲብ ጥቃት የቀለደባቸውን አስቀያሚ ትዊቶች 2018 ላይ የፖለቲካ ተቃዋሚዎቹ ቆፍረው አወጡበት፣ ቀልዶቹ አስጸያፊ ነበሩ፣ እሱም ቆሻሻ ነበር፣ አሁን እንደዛ አይደለሁም አለ፣ ዲዝኒ ጁላይ ላይ አባረረው። አብረውት የሠሩት ተዋናዮች ተፈራርመው ደገፉት፣ ማርች 2019 ላይ ተመልሶ መቀጠሩ ተነገረ። ኮሜዲያኑ ኬቨን ሃርት ደሞ ዲሴምበር 2018 ላይ ኦስካርን እንዲመራ ተመረጠ፣ በግብረ ሰዶማውያን ላይ የጻፋቸው የድሮ ትዊቶች ወጡ፣ ይቅርታ ጠይቅ ሲባል ይሄን ነገር ድሮ ተናግሬበታለሁ፣ ደግሜ አልጠይቅም አለ፣ ወዲያው በዛው ሰሞን ራሱን አገለለ፣ ሲያገልም ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ኦስካር ያለ አስተናጋጅ ነው የተካሄደው።

አየሽ፣ ሁለቱም ላይ የወጣው የድሮ ነው፣ ልዩነቱ የመጣው አሁን ምን ይላሉ የሚለው ላይ ነው። ያንቺ ዘፋኝ ከዛ በኋላ ምን ብሏል? እንደዛው እየቀጠለ ነው ወይስ አንዴ ብሎ ቀረ? ከፖስቱ በላይና በታች ያለውን አይተሻል ወይስ አንድ መስመር ብቻ ነው የቆረጥሽው? እና ደሞ ለምንድነው ማውጣት የፈለግሽው፣ ይሄን ለራስሽ በሐቅ መልሺው። የተሰደቡት ሰዎች ግን ዘጠኝ ዓመት አልፏል ተብለው ዝም እንዲሉ አይጠበቅም፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እነሱ ቢያነሱት መብታቸው ነው። አንቺ ግን ከነሱ አንዷ ካልሆንሽና ሰውየውም ከተለወጠ፣ እኔ ብሆን በውስጥ መስመር ጽፌለት መልሱን አይ ነበር። ካወጣሽውም ቀኑ በግልጽ እንዲታይ አድርጊ፣ ቀኑ የተቆረጠ ስክሪንሻት ውሸት ነው፣ ቃሉ ትክክል ቢሆንም ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ስድብ ስድብ ነው፣ ያስቀይማል፣ ይቀራል። ንግግር ብቻውን እንዴት ሰውን ዓለም አቀፍ ወንጀለኛ ያደርጋል? ዘፈንና ግጥምስ ይገባበታል?

መልስ፦ የሩዋንዳውን ሲሞን ቢኪንዲን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። በጣም የታወቀ ዘፋኝ ነበር፣ ዘፈኖቹን በዘር ማጥፋቱ ጊዜ አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ ያጫውታቸው ነበር። አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ የሩዋንዳ ችሎት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ መረመረ፣ ጥላቻ እንዳለባቸው ተቀበለ፣ ግን የተጻፉት ከ1994 በፊት ነው፣ ለግድያው ብሎ እንደጻፋቸው ወይም በዛ ጊዜ ሬዲዮ ላይ እንዲለቀቁ እጁ እንዳለበት አልተረጋገጠም ብሎ በዘፈኖቹ አልቀጣውም። የቀጣው በሌላ ነገር ነው። ጁን 1994 መጨረሻ ላይ፣ ከኪቩሙ ወደ ካዮቬ በሚወስደው መንገድ፣ የኢንተርሃምዌ ታጣቂዎች አጅበውት፣ ድምፅ ማጉያ የተገጠመበት መኪና ላይ ሆኖ ሁቱዎች ተነስተው ቱትሲዎችን እንዲያጠፉ ተናገረ፣ ሲመለስ ደሞ በዛው መንገድ ያሉትን ሰዎች እባቦቹን ገደላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ነው 2008 ላይ 15 ዓመት የተፈረደበት።

ልብ በሉ፣ ዘፈኑም ጥሪውም የወጣው ካንድ አፍ ነው። በጥሪው ጊዜ ግን አድማጩ ገጀራ ይዞ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ተናጋሪው ደሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ የሚሰማው ሰው ነው። መንደርተኛ ሰካራም ያንኑ ቢል ምናልባት ማንም ዘወር ብሎ አያየውም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች 2012 ላይ ራባት፣ ሞሮኮ ውስጥ ባወጡት ሰነድ ንግግር ወንጀል ነው ከመባሉ በፊት የሚታዩ ስድስት ነገሮች አስቀምጠዋል፣ ያኔ የነበረው ሁኔታ፣ ተናጋሪው በሕዝቡ ዘንድ ያለው ቦታ፣ ሐሳቡ፣ የተናገረው ነገርና አቀራረቡ፣ ምን ያህል ሰው ጋ እንደደረሰና ጉዳት የማምጣቱ ዕድል። ሰነዱ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፣ ግን ሚዛኑ ጥሩ ሚዛን ነው፣ ምክንያቱም የሚያስቀይመውን ሁሉ እስር ቤት ከመክተት ያድናል፣ ታዋቂውን ደሞ እኔ እንደማንኛውም ሰው ነው የተናገርኩት ብሎ እንዳያመልጥ ያደርገዋል። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው በዝናው ሲሸጥ ዝናው አለ፣ ሲጠየቅ ግን ተራ ሰው ነኝ ይላል፣ ይሄ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የአንድ ታዋቂ ሰው ገጽ አድሚን ነኝ። አለቃዬ ላይቭ ላይ ያልሆነ ነገር ተናግሮ ሰዉ እየጮኸብን ነው። «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ከአውዱ ውጪ ተወስዶብኝ ነው» ብለሽ ጻፊልኝ ብሎኛል። ልጻፍ?

መልስ፦ እንዳትጽፊ። «ካላችሁ» ምን ማለት ነው፣ ኮሜንቱን እያየው አይደል እንዴ? አውዱ ተቆርጧል የሚል ከሆነ ደሞ ሙሉውን ቪዲዮ ይልቀቀውና ሰው ይየው፣ ሙሉው ሲታይ ያው ከሆነ ያንን ዓረፍተ ነገር ያውጣው።

ዶን አይመስ የሚባል የአሜሪካ ሬዲዮ አቅራቢ ኤፕሪል 2007 ላይ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በዘርም በጾታም የሚያዋርድ ነገር ተናገረ። መጀመሪያ ቀልድ ነው፣ አታካብዱ አለ፣ እሳቱ ከዛ ነው የባሰው። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን ፕሮግራሙን በቴሌቪዥን ያሳይ የነበረው ኤምኤስኤንቢሲ ተወው፣ በማግሥቱ የሬዲዮ ቀጣሪው ሲቢኤስም አባረረው። የተባረረ ዕለት ማታ ታዲያ ኒው ጀርዚ ውስጥ አገረ ገዥው መኖሪያ ድረስ ሄዶ ልጆቹን ከነአሠልጣኛቸው ፊት ለፊት አገኛቸው፣ እነሱም ይቅርታውን ተቀበሉት። ሥራው ግን አልተመለሰለትም፣ ዲሴምበር ላይ በሌላ ጣቢያ ነው የተመለሰው። ለአለቃሽ ይሄን አሳዪው፣ ይቅርታ ሥራ ማስመለሻ ኩፖን እንዳልሆነ፣ ሲጠየቅም ከተሰደበው ሰው እንደሚጀመር ይገባው ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሰደባቸውን ሰዎች ያግኛቸው ወይም ይጻፍላቸው፣ ከዛ ገጹ ላይ ያለውን ነገር ራሱ ስሙን ጠርቶ እንዲህ ብዬ ነበር፣ ልክ አልነበረም ይበል፣ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። የሚቃወሙትን ኮሜንቶች አታጥፊ፣ ዛቻና ሌላ ስድብ ብቻ አጥፊ፣ የሱ ደጋፊዎች የተሰደቡት ላይ ከዘመቱ ደሞ እሱ ራሱ በራሱ አፍ ተው ይበላቸው። ቪዲዮውን ማውረድ ካለባችሁ ለምን እንዳወረዳችሁት ጻፉ፣ ዝም ብላችሁ ብታጠፉት ኮፒው ቀድሞ ወጥቷል። «ካላችሁ» የምትለዋን አልተውም ካለ ግን ራሱ ስልኩን ይዞ ይጻፍ፣ አንቺ ጣትሽን አታስነኪ።